«ቤት ይቍጠረው»፤ ስለ አንድ ቃል ብዙ ትርጕምና አገባብ

አንድን ቃል ብቻ ይዞ ገጽ መሙላት ለአንዳንድ ሰው ሥራ መፍታት ይመስለው ይሆናል። ይልቁንም ቃሉ «ቤት» ከሆነ፥ ሕፃን ሳይቀር የሚያውቀውን ነገር ምን አዲስ አድርጋችሁ ልታመጡልን ነው ብሎ የሚጠይቀን አይጠፋም። መልሳችን አጭር ነው። ሰው ሁሉ አውቀዋለሁ የሚለው ቃል ሳይመረመር የሚታለፍ ቃል ነው፤ ሳይመረመር የታለፈ ቃል ደግሞ በጨዋታ ላይ ሲሆን ያስቃል፥ በመዝገብ ላይ ሲሆን ግን ሰው ያስቀራል።

በዚህ ጽሑፍ ሦስት ነገር ለማድረግ አስበናል። በመጀመሪያ ይህ ቃል ባማርኛ የሚውልባቸውን ዋና ዋና አገባቦች እንዘረዝራለን። ቀጥለን ስለ ብዙ ትርጕሙ ዘወትር የሚሰጡትን ሦስት አስተያየቶች እንተቻለን። በመጨረሻም ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ አለመሆኑን በፎገራ ሜዳ፥ ማለት በርብና በጕማራ ወንዞች ዳር በሚኖረው ሕዝብ ምሳሌ እናሳያለን።

፩. ከሩቅ አገር የተገኘ ምሳሌ

የወረታ ሰው ቻይናን የሚያውቀው በመንገዱ ነው። ወረታን ከወልድያ ጋራ የሚያገናኘው መንገድ በ1960ዎቹ መጨረሻ ዓ. ም. ተጀምሮ በ1970ዎቹ የተፈጸመ የቻይናውያን ሥራ ስለ ሆነ፥ ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» ይለዋል። እኛ ግን ለዚህ ጽሑፍ ከቻይና የምንፈልገው መንገዱን ሳይሆን ጽሕፈቱን ነው፤ የራስን ነገር ለማየት አንዳንድ ጊዜ የሌላውን አስቀድሞ ማየት ይረዳልና።

በቻይና ጽሕፈት «ጂያ» ተብሎ የሚነበብ አንድ ምልክት አለ። ሁለት ክፍል አለው፤ ከላይ ያለው ጣራ ነው፥ ከታች ያለው ዐሣማ ነው። ይህ ምልክት ለብቻው ሲጻፍ መኖሪያ ቤት ማለት ነው፤ ዳግመኛም ቤተሰብ ማለት ነው። ከሌላ ቃል ጋራ ሲጣመር ግን ሩቅ ይሄዳል። የኮንፉሽየስን ትምህርት የሚከተሉ ወገኖች «ሩ ጂያ» ይባላሉ። ደራሲ «ጽዎ ጂያ»፥ ሠዓሊ «ኋ ጂያ» ይባላል፤ በዚህ ጊዜ «ጂያ» ማለት በአንድ ሙያ የታወቀ ሰው ማለት ነው። አገር ከሚለው ቃል ጋራ ሲጣመር «ጕዎ ጂያ» ይሆናል፤ ይኸውም መንግሥት ያለው አገር ማለት ነው። «ትልቅ» ከሚለው ጋራ «ዳ ጂያ» ሲሆን ደግሞ ሁሉም ሰው ማለት ነው። ሱቆችና ምግብ ቤቶች ሲቈጠሩም መቍጠሪያ ሆኖ ይገባል።

እንግዲህ የቻይናን ጽሕፈት አዲስ የሚማር ሰው ይህን ሁሉ ሲያይ፥ አንድ ምልክት እንዴት መኖሪያም፥ ዘመድም፥ ትምህርትም፥ ባለሙያም፥ መንግሥትም ይሆናል ብሎ ይደነቃል። ወደ ራሱ ቋንቋ ተመልሶ ቢያይ ግን ከዚያ የሚያስደንቅ ነገር በየቀኑ ከአፉ ሲወጣ ይሰማ ነበር።

፪. «ቤት» በአማርኛ

ሀ. ሥፍራ። «ቤት» ከሁሉ አስቀድሞ ጣራና ግድግዳ ያለው፥ ሰው የሚያድርበት ነው። ከዚህ ተነሥቶ አንድ የተለየ ሥራ የሚሠራበት ሁሉ ቤት ይባላል፤ ማድ ቤት፥ ጠጅ ቤት፥ ወፍጮ ቤት፥ ትምህርት ቤት፥ ፍርድ ቤት፥ ጽሕፈት ቤት፥ ወህኒ ቤት። የተቀደሰውና የተናቀው እኩል በዚህ ቃል ይጠራሉ፤ በአንድ በኩል ሰማይ ቤት አለ፥ በሌላ በኩል ሽንት ቤት አለ። በቤተ ክርስቲያን አጠገብ ለቅዳሴ የሚሆነው ኅብስት የሚዘጋጅበት ትንሽ ቤት ቤተ ልሔም ይባላል፤ በዕብራይስጥ የስሙ ትርጕም «የእንጀራ ቤት» ነው። በጋይንት የሚገኘው የድጓ ማስመስከሪያ ደብርም የሚጠራው በዚሁ ስም ነው።

ለ. የነገር ማደሪያ። ቤት የሚኖረው ሰው ብቻ አይደለም። በልብስ ላይ ቁልፍ የሚገባበት ቀዳዳ የቁልፍ ቤት ነው፤ መነጽር የሚቀመጥበት የመነጽር ቤት ነው። በሒሳብ ትምህርትም ቍጥር ቤት አለው፤ የአንድ ቤት፥ የዐሥር ቤት፥ የመቶ ቤት እየተባለ ይነበባል። 5 ቍጥር በየትኛው ቤት እንዳለ ሳይታወቅ ዋጋው አይታወቅም።

ሐ. ሰዎች። ቤተሰብ፥ ቤተ ዘመድ፥ ቤተኛ ሲባል ነገሩ ከግድግዳው ወደ ሰዎቹ ይሻገራል። ከደጅ የቆመ እንግዳ «ቤቶች!» ብሎ ሲጣራ የሚጠራው ምሰሶውን አይደለም። ዘር ሳይተካ ያለፈ ሰው ሲነሣ «ቤቱ ተዘጋ» ይባላል፤ በሩ ግን ወለል ብሎ ተከፍቶ ሊሆን ይችላል። «ባለቤት» የሚለው ደግሞ ሦስት ሰው ነው፤ ንብረቱ የርሱ የሆነው ሰው ባለቤት ነው፥ ባል ወይም ሚስት ባለቤት ናቸው፥ በሰዋስውም ድርጊቱን የሚያደርገው ስም ባለቤት ይባላል።

መ. ትምህርትና ወገን። በአብነት ትምህርት ቅኔ ቤት፥ ዜማ ቤት፥ መጽሐፍ ቤት የሚባሉት የትምህርት ደረጃዎች እንጂ የግድ ሕንጻዎች አይደሉም፤ መምህሩ ከዛፍ ጥላ ሥር ቢቀመጥም ቅኔ ቤቱ ቅኔ ቤት ነው። የቅኔው ስልት በዋሸራ ቤት፥ በጎንጅ ቤት፥ በዋድላ ቤት እየተባለ ይለያል። በጎንደር ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉት የመጻሕፍት ትርጓሜ ወገኖች ናቸው። የግዕዝ ግስም ሳይቀር በቤት ይመደባል፤ አንዱ ግስ የቀተለ ቤት ነው፥ ሌላው የቀደሰ ቤት ነው ይባላል።

ሠ. ግጥም። የግጥም መድረሻ ድምፅ ሲገጥም ቤት መታ ይባላል፤ ሳይገጥም ሲቀር ቤት አልመታም ይባላል። ቅኔም በቤት ይቈጠራል፤ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፥ መወድስ ስምንት ቤት ነው። ይህ የኛ ብቻ አይደለም። ዐረቦች የግጥምን አንድ ስንኝ «በይት» ማለት ቤት ይሉታል፤ ጣልያኖችም አንድን የግጥም ክፍል «ስታንዛ» ሲሉ በቋንቋቸው የቤት ክፍል ማለታቸው ነው።

ረ. ፊደል። በመዝሙረ ዳዊት 118ኛው መዝሙር አሌፍ፥ ቤት፥ ጋሜል እየተባለ በፊደላት ስም ስለ ተከፈለ፥ ዳዊት የደገመ ተማሪ ሁሉ ቤት የፊደል ስም መሆኑን ያውቃል። ይህ ፊደል ከኛ «በ» ጋራ አንድ ምንጭ ያለው ሲሆን፥ በጥንታዊው የሴማውያን ጽሕፈት የቤት ሥዕል እንደ ነበር ሊቃውንት ይስማሙበታል። እንግዲህ «በ»ን ስንጽፍ እናስተውለው እንደ ሆነ እንጂ የምንጽፈው ቤት ነው።

፫. ሦስት አስተያየቶችና ትችታቸው

የመጀመሪያው አስተያየት ይህን ብዛት እንደ ድኽነት የሚቈጥረው ነው። «አማርኛ ቃል ስለሚያጥረው ለሁሉ ነገር ቤት ይላል፤ እንግሊዝኛ ግን ለግንቡ ሐውስ፥ ለመኖሪያው ሆም ብሎ ይለያል» የሚሉ አሉ። በእንግሊዝኛ ትምህርት ያደግን ተማሪዎች ይህን አስተያየት ሳይታወቀን እንቀበለዋለን። ነገር ግን ከላይ የዘረዘርነውን መለስ ብሎ የተመለከተ ሰው፥ አማርኛ የሚለየው ቃሉን በመለወጥ ሳይሆን ጎረቤቱን በመለወጥ እንደ ሆነ ያያል። «ቤት ሠራ»፥ «ቤት ዋለ»፥ «ቤት መታ» በተባሉት ሦስት አነጋገሮች ስሙ አንድ ነው፤ ግሱ ግን ሦስቱን ፈጽሞ ለይቷቸዋል። ሰሚው አይሳሳትም። የመጀመሪያውን ሲሰማ እንጨትና ጭቃ ያስባል፥ ሁለተኛውን ሲሰማ ከደጅ ያልወጣ ሰው ያስባል፥ ሦስተኛውን ሲሰማ ግጥም ያስባል። ስለዚህ ችግሩ ያለው በቃሉ ሳይሆን ቃሉን ከጎረቤቶቹ ነጥሎ በሚያስቀምጠው ሰው ላይ ነው። መዝገበ ቃላት በተፈጥሮው እንዲህ ያደርጋል። የኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት በ1948 ዓ. ም.፥ የደስታ ተክለ ወልድ ደግሞ በ1962 ዓ. ም. መታተማቸው ለቋንቋው ትልቅ ሀብት ነው፤ ነገር ግን ከማናቸውም መዝገበ ቃላት የመጀመሪያውን ትርጕም ብቻ ቀድቶ የሚሄድ ተማሪ ከቃሉ ቁራጭ እንጂ ቃሉን አላገኘም።

ሁለተኛው አስተያየት ሥዕል የሚወደው ነው። ይህ ወገን የቃሉን ምሥጢር ሁሉ ከመጀመሪያ ሥዕሉ ሊያወጣ ይፈልጋል። የቻይናው ምልክት ከጣራ ሥር ዐሣማ ስላለበት፥ «ለቻይና ገበሬ ዐሣማ የሌለበት ቤት ቤት አይደለም» ብሎ ይደመድማል። አባባሉ ያምራል፤ ነገር ግን ሹ ሸን የተባለው የቻይና ሊቅ በ100 ዓመት፥ በፈረንጆች አቈጣጠር፥ ባዘጋጀው ታላቅ የፊደል መጽሐፍ፥ የታችኛው ክፍል የገባው ድምፁን ለማመልከት ነው ብሏል። ሊቃውንቱ ገና ያልተስማሙበትን ሥዕል ለትርጕም ዳኛ ማድረግ ጥንቃቄ የጐደለው ነው። የኛም «በ» ቤት መምሰሏ «ቤቱ ተዘጋ» ማለት ምን እንደ ሆነ አይነግረንም።

የሆነ ሆኖ ይህ አስተያየት አንድ መልካም ነገር ያስታውሰናል። ቻይናዊው ከጣራ ሥር ዐሣማ ከጻፈ፥ የኛ ሕዝብ ያንኑ የሚመስል ነገር በፊደል ሳይሆን በምርቃት አስቀምጦታል። አዲስ ቤት የሠራ ሰው ዘንድ የሚገባ እንግዳ «ቤት ለእንቦሳ» ይላል፤ ባለቤቶቹም «እንቦሳ እሰሩ» ብለው ይመልሳሉ። ቤቱ ቤት የሚሆነው ጥጃ ሲታሰርበት ነው ማለት ነው። በወተቱ በታወቀው በፎገራ ከብት አገር ይህ ምርቃት ባዶ ቃል አልነበረም። ከቅርብ ዐሠርት ዓመታት ወዲህ ሩዝ የግጦሹን ሜዳ እየያዘ፥ የከብቱም ዘር እየተመናመነ በሄደበት ጊዜ ግን ምርቃቱ እንደ ቀድሞው ይነገራል፤ የሚታሰረው እንቦሳ ግን አንሷል። ከዚህ የምንማረው፥ የቃል ትርጕም በጥንቱ ሥዕል ሳይሆን በሕዝቡ ኑሮ ላይ የቆመ መሆኑን ነው።

ሦስተኛው አስተያየት ብዙ ትርጕምን የቀልድ ዕቃ ብቻ አድርጎ የሚያየው ነው። ለዚህም ምስክር የሚጠራው አንድ የፎገራ ሰው ነው። አለቃ ገብረ ሐና በፎገራ በናበጋ ጊዮርጊስ ተወልደው፥ በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በሊቅነታቸውና በቀልዳቸው ስማቸው አገር የሞላ መምህር ናቸው። በስማቸው የሚነገረው ሁሉ በርግጥ የርሳቸው መሆኑን ማረጋገጥ ያስቸግራል፤ ነገር ግን ከነዚያ ጨዋታዎች ብዙዎቹ የቆሙት ሁለት ትርጕም በያዘ አንድ ቃል ላይ ነው። ሕዝቡም በዚህ ሲስቅ፥ አለቃ ቀልደኛ ነበሩ ብሎ ያልፋል። እኛ ግን የአለቃን ሙያ መዘንጋት የለብንም እንላለን። እርሳቸው የቅኔና የአቋቋም ሊቅ ነበሩ፤ ተክሌ የሚባለው የደብረ ታቦር አቋቋም ከርሳቸው የመነጨ፥ በልጃቸውም ስም የተጠራ መሆኑ ይተረካል። አንድ ቃል ሰሙንና ወርቁን በአንድ ጊዜ ሲሸከም በቅኔ ትምህርት ኅብር ይባላል። ኅብር ደግሞ ትክክለኛ ሥራ ነው፤ ባለቅኔው ሁለቱን ትርጕሞች አንድ በአንድ ለይቶ ካላወቀ በአንድ ቃል ሊያስማማቸው አይችልም። ስለዚህ ቀልዱ የሚመሰክረው ቃሉ የተምታታ መሆኑን ሳይሆን፥ ተናጋሪው ትርጕሙን ለይቶ ማወቁን ነው።

ከሦስቱ አስተያየቶች ትችት በኋላ የኛን አሳብ እንገልጻለን። «ቤት» በተነገረበት ሁሉ አንድ ተቀባይ ነገር አለ። ግድግዳው ሰውን ይቀበላል፥ ቀዳዳው ቁልፍን ይቀበላል፥ የዐሥር ቤት ቍጥርን ይቀበላል፥ ቅኔ ቤት ተማሪን ይቀበላል፥ የግጥም ቤት ድምፅን ይቀበላል። ገብቶ የሚያርፈው ነገር ይለዋወጣል እንጂ መቀበሉ አይለወጥም። እዚህ ላይ ከቻይናው «ጂያ» ጋራ ያለው ልዩነት ጎልቶ ይታያል። «ጂያ» ወደ አንድ ሰው ይሄዳል፤ ደራሲው ብቻውን «ጂያ» ነው። የኛ «ቤት» ግን አንድ ሰው ሆኖ አያውቅም። ሰው ለማድረግ ሲፈለግ ባለቤት ወይም ቤተኛ ተብሎ ሌላ ነገር ይጨመርበታል። ተጨማሪ ሳይኖረው ወደ ሰው ቢዞርም «ቤቶች!» እንደሚባለው ሁሉንም በአንድነት ይጠራል። የታች ቤት መምህር ይባላል እንጂ መምህሩ ታች ቤት አይባልም። ቤት ሁልጊዜ ከአንድ ሰው የሚበልጥ ነገር ነው።

፬. በፎገራ ሜዳ ላይ የሚቈጠር ቤት

እስካሁን የተናገርነው ለቋንቋ ወዳጆች ብቻ የሚጠቅም ከመሰለ፥ ወደ ሜዳው እንውረድ። የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የተዘረጋ ዝቅተኛ አገር ነው። ክረምት ሲበረታ ርብና ጕማራ ከመደባቸው ወጥተው ሜዳውን ይሸፍኑታል። በ1998 ዓ. ም. ክረምት የደረሰው ጐርፍ ብዙ ሰው ከቀዬው ያፈናቀለ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ የመጀመሪያው ጥያቄ ስንት ቤት ተጐዳ የሚል ነው። ጥያቄውን የሚጽፈው ሰው ከተማ ተቀምጦ ነው፤ የሚመልሰው ገበሬ ውሃ መካከል ቆሞ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ቃል ግን አንድ ነው።

በሜዳው ላይ አንድ ግቢ አለ እንበል። በግቢው ውስጥ የአባትየው ዋና ቤት፥ ማድ ቤት፥ የጥጆች ቤት፥ አዲስ ያገባው ልጅ ጎጆም አሉ። ጐርፉ ሁለቱን ጣለ። «ስንት ቤት ፈረሰብዎ?» ተብለው ሲጠየቁ አባትየው «ሁለት» ቢሉ እውነት ተናግረዋል፤ ጣራ ቈጥረዋልና። «ኧረ ቤታችንስ እግዜር ይመስገን አልፈረሰም» ቢሉም እውነት ተናግረዋል፤ ሰው አልሞተም፥ ትዳር አልተበተነም ማለታቸው ነውና። ቤቱ ፈርሷል፤ ቤቱ ግን አለ። ከሁለቱ እውነቶች የትኛው በቅጹ ላይ እንደሚጻፍ የሚወስነው ጠያቂው ነው፤ ጠያቂውም ለራሱ ካልለየው መዝገቡ ሊለየው አይችልም።

ሌላም ምሳሌ እንጨምር። በቅጹ ላይ «የቤቱ ባለቤት ማን ነው?» የሚል ጥያቄ አለ እንበል። ባሏ የሞተባት ሴት «ባለቤት» ሲባል የሚመጣላት ባሏ ነውና «የለም፥ ሞቷል» ብላ ትመልሳለች። ጸሐፊው «ባለቤት የለውም» ብሎ ይመዘግባል። የቤቱ ባለቤት እርሷ ራሷ ሆና ሳለች በገዛ መልሷ ከመዝገቡ ወጣች። ሴትዮዋ አልዋሸችም፤ ጸሐፊውም አልዋሸም፤ ሁለቱም ስለ ሁለት ነገር በአንድ ቃል ተነጋገሩ። በቅኔ ይህ ኅብር ይባል ነበር፤ በመዝገብ ግን ስሙ በደል ነው።

በአገራችን በ1976፥ በ1987ና በ1999 ዓ. ም. የተደረጉት ቈጠራዎች «የሕዝብና ቤት ቈጠራ» መባላቸው ትክክለኛ አጠራር ነው፤ ሕዝቡን ለብቻው፥ ቤቱን ለብቻው አድርጎ ለይቷልና። የቀድሞዎቹ ሰዎችም ነገሩን አላጡትም ነበር፤ ጭሰኛ የሚለው ስም ከጭስ መውጣቱ እንደሚያመለክተው፥ አንድን ኑሮ ለይቶ የሚያሳውቀው ጣራው ሳይሆን የሚጨሰው ምድጃ እንደ ሆነ ዐውቀው ነበር። እንግዲህ መሣሪያው በእጃችን አለ። ጣራ መቍጠር የፈለገ «ስንት ጣራ» ይበል፤ አብሮ የሚበላውን ሰው የፈለገ «ከአንድ ምድጃ የሚበላ ስንት ሰው ነው» ይበል፤ ትዳርን የፈለገ ትዳር ይበል፤ የንብረትን ጌታ የፈለገ «ንብረቱ የማን ነው» ይበል። «ቤት» የሚለውን ቃል ብቻውን በቅጽ ላይ ያስቀመጠ ሰው ግን ከስድስት ጥያቄ አንዱን ሳይመርጥ ስድስቱንም ጠይቋል፤ መልስም አያገኝም።

፭. መደምደሚያ

አማርኛ ለማይቈጠር ብዛት አንድ አነጋገር አለው፤ «ቤት ይቍጠረው» ይላል። ተናጋሪው ቍጥሩን ትቶ ነገሩን ለቤት ያስረክባል፤ በውስጡ ያለውን ሁሉ የሚያውቀው ተቀባዩ ቤት ነው ማለቱ ይመስለናል። ለጨዋታ ይህ ይበቃል። ለምርምር ግን አይበቃም፤ የተማሪ ሥራ ቤት ይቍጠረው የተባለውን ገብቶ መቍጠር ነውና።

ስለዚህ ከዚህ ኮሌጅ ወጥተው ለጥናት ወደ ገጠር የሚወርዱ ጓደኞቻችን ሁሉ የጥያቄ ወረቀታቸውን ከማባዛታቸው በፊት፥ ሁሉ ያውቀዋል ብለው የተማመኑበትን እያንዳንዱን ቃል ከጎረቤቶቹ ጋራ አስቀምጠው እንዲመረምሩት አደራ እንላለን። ቤት፥ አገር፥ ዘመድ፥ ልጅ፥ መሬት፤ እነዚህ ሁሉ ደጃቸው ላይ ቆመን «ቤቶች!» ብለን ሳንጣራ የማንገባባቸው ቃላት ናቸው።